ከፍሬምወርክ አንድ ክፍል ነጥላችሁ ከመውሰዳችሁ በፊት

ሰሞኑን አንድ ወጣት ባልደረባዬ «ጋሼ፣ ዌብሳይት አልሠራም፤ የጃንጎን የዳታቤዝ ክፍል ብቻ ብወስድስ?» አለኝ። ጃንጎ በፓይተን ቋንቋ ዌብሳይት የሚሠራበት ፍሬምወርክ፣ ማለትም የተዘጋጀ የኮድ መዋቅር ነው። ይቻላል አልኩት። ቡናችን እስኪቀዘቅዝ ያወራሁለትን ለእናንተም ልጻፈው።

መነጠሉ ቀላል ነው። የዳታቤዙን አድራሻ በሴቲንግስ ኮንፊገር (settings.configure) ትሰጡታላችሁ፣ ጃንጎን የሚያስነሳውን ጃንጎ ሴታፕን (django.setup) ትጠራላችሁ፣ ከዚያ ሞዴሎቹን፣ ማለትም የዳታቤዙን ሠንጠረዦች የሚወክሉትን ክላሶች፣ ታስገባላችሁ። ቅደም ተከተሉን ካዛባችሁ «አፕስ አርንት ሎድድ የት» (አፖቹ ገና አልተጫኑም) ብሎ ይጮህባችኋል። ደግ ስህተት ነው፤ ወዲያው ይናገራል።

እኔን ያቃጠለኝ ዝምተኛው ነው። ከዓመታት በፊት ወረፋ (ኪው) ላይ የገባ መልእክት እያነበበ ዳታቤዝ ውስጥ የሚጽፍ፣ ቀን ከሌት የማይቆም ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ቀን ቀን ሸጋ ነው። ጠዋት ስገባ ሞቶ አገኘዋለሁ። የዳታቤዙ ሰርቨር ማይኤስኪውኤል «ሄዷል» የሚል ስህተት ይጠብቀኛል። የት ነው የሚሄደው? ሦስት ቀን ኔትወርኩን ስወቅስ ሰነበትኩ፤ የኔትወርኩን ልጅ በከንቱ አስቀየምኩት።

ለካ ማይኤስኪውኤል ሴቲንጉ ካልተቀየረ በቀር 8 ሰዓት ሥራ የፈታን ግንኙነት ይዘጋል። ሌሊት ደግሞ መልእክት የለም። ዌብ ላይ ቢሆን ጃንጎ አንድ ጥያቄ ሲጀምርም ሲያልቅም ያረጀውን ግንኙነት ራሱ ያጸዳል። እኔ ጋ ግን የዌብ ጥያቄ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የሚያጸዳ የለም። መፍትሔው አንዲት መስመር ሆነች፦ በየመልእክቱ መጀመሪያ ያረጀ ግንኙነት የሚዘጋውን ክሎዝ ኦልድ ኮኔክሽንስን (close_old_connections) መጥራት። አንዲት መስመር!

ስለዚህ አንድ ክፍል ስትነጥሉ ኮዱን ብቻ አትዩ። ፍሬምወርኩ ሳይነግራችሁ ማን ይከፍትለት፣ ማን ይዘጋለት እንደነበር ፈልጉ። ዲበግ (DEBUG) የተባለውን የጃንጎ የስህተት መፈለጊያ ሴቲንግም አጥፉ፤ ክፍት ከሆነ የላካችሁትን የዳታቤዝ ትእዛዝ ሁሉ ሜሞሪ ላይ ያከማቻል። ከጃንጎ 1.8 ወዲህ ገደብ አለው እንጂ በፊትማ ማቆሚያም አልነበረው።

ከመጀመሪያው ለብቻቸው እንዲቆሙ የተሠሩም አሉ። ሲምፎኒ የተባለው የፒኤችፒ ፍሬምወርክ የዌብ ጥያቄና መልስ የሚይዝበትን ክፍል፣ ኤችቲቲፒ ፋውንዴሽንን፣ ሌሎቹ የፒኤችፒ ሥራዎች ላራቬልም ድሩፓልም ይጠቀሙበታል። ፓይተን ላይ የዳታቤዝ ላይብረሪው ኤስኪውኤል አልኬሚ የማንም ፍሬምወርክ ጥገኛ አይደለም። የገጽ አብነት (ቴምፕሌት) ብቻ ከፈለጋችሁ ጂንጃ አለላችሁ።

ልጁን በመጨረሻ «ለመሆኑ ስንት ሠንጠረዥ ነው ያለህ?» አልኩት።

«ሁለት።»

«ሞዴሎቹ ሌላ ፕሮጀክት ላይ ተጽፈዋል?»

«አዎ፣ ዌብሳይታችን ላይ።»

እንግዲያ ምን መነጠል አስፈለገ? እዚያው ፕሮጀክት ውስጥ የማኔጅመንት ኮማንድ (ከተርሚናል የሚጠራ የጃንጎ ትእዛዝ) አድርገህ ጻፈው፣ ሴታፑን ራሱ ይጨርስልሃል አልኩት። ትንሽ ቅር አለው። የቡናውን ሒሳብ ግን ከፈለልኝ።