የገበያ ማዕከሉ በር በየት በኩል ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። ቤቴ መንገድ ዳር ነው፤ በፊተኛው ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። ከቤቴ ማዶ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ባለ አምስት ፎቅ የገበያ ማዕከል ሊሠራ ነው ተብለናል። መንገዱ አሁንም በባጃጅ የተጨናነቀ ነው። ሁለቱ ልጆቼ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በሳይክል ነው። ስጋቴን ስናገር ጎረቤት «ልማት ትቃወሚያለሽ እንዴ?» ይለኛል። ባለቤቴም «ገበያ ይመጣልሻል፣ ዝም በይ» ይላል። ዝም ልበል? ካልሆነስ ምን ብዬ ልናገር?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ዝም አይበሉ። ግን «ሕንፃው ይቅር» ብለው አይነሱ። ባለቤትዎ እውነት አላቸው፤ ሰው ሲበዛ ዚፕ የሚያስቀይርም፣ ሱሪ የሚያሳጥርም ይበዛል። የእርስዎ ጥያቄ አንድ ይሁን፦ መኪናው የሚቆመው የት ነው?

«ቤዝመንት ፓርኪንግ አለው» ይሉዎታል። እኔም በዚህ ቃል ተታልዬ አውቃለሁ። በመንገድ ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ሕንፃ ፕላን ቀረበልኝ። የመኪና ማቆሚያውን ብዛት ቆጠርኩ፤ በቂ ነበር፤ አሳለፍኩት። ሕንፃው ከተከፈተ በኋላ አንድ ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ መንገዱ ተዘግቷል። ወርጄ ገባሁ። ቤዝመንቱ ግማሹ ባዶ ነው። ሰልፉ ያለው አስፋልቱ ላይ ነው። ያን ቀን የተሰማኝ እስካሁን አይረሳኝም። ቦታውን ስቆጥር በሩን አላየሁትም ነበር።

በር ላይ ምን እንደሚሆን ያውቁታል። ጥበቃው መኪናውን ያስቆማል። የኋላውን ያስከፍታል፣ ከሥር በመስታወት ያያል፣ ካርድ ይሰጣል። ይህ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል እንበል። በአንድ በር በሰዓት የሚገባው 120 መኪና ብቻ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰዓት 150 ቢመጣስ? ሰዓቱ ሲሞላ 30 መኪና ውጭ ቀርቷል። አንድ የቆመ መኪና ከፊቱ ካለው ክፍተት ጋር 6 ሜትር ገደማ ይይዛል። 30ው 180 ሜትር ሆነ። እስኪ ከቦታው ተነስተው 180 ሜትር ይራመዱ። የት ደረሱ?

በዚህ ላይ ወደ ግራ የሚታጠፈውን ይጨምሩ። እኛ የምንነዳው ቀኝ ይዘን ነው። ከማዶ መጥቶ በግራ መግባት የሚፈልግ ሾፌር፣ ከፊቱ የሚመጣውን እስኪያሳልፍ መሐል መንገድ ላይ ይቆማል። ከኋላው ያለው ሁሉ አብሮት ይቆማል።

ከመኪናው ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን ባጃጁ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ብዙ ሰው ገበያ የሚመጣው በባጃጅ ነው። ባጃጅ ቤዝመንት አይገባም። የሚፈልገው ማውረጃ ነው። በሩ ፊት ይቆማል፣ ተሳፋሪው ይወርዳል፣ ዝርዝር ይጠፋል፣ ሾፌሩ ከጓደኛው ሊያስዘረዝር ይሄዳል። እሱ ሳይነሳ ሌላው ደርሷል። ባዶውም ሰው ለመጫን እዚያው ይጠብቃል። በሾፌሮቹ መፍረድ አይገባም። ቦታ ካልተሰጣቸው የት ይቁሙ? ስንት ፕላን አይቻለሁ፤ ባጃጅ የሚቆምበት የተሳለበት ግን በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ማውረጃና መጫኛው በሕንፃው ይዞታ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ እንዲሠራ ይጠይቁ። ፍተሻውም መንገድ አፍ ላይ ሳይሆን 50 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ፣ በሁለት መስመር ይሁን። በሩ በጎን መንገድ ቢሆን ይሻላል የሚሉም ይኖራሉ። እዚያ ላይ ይጠንቀቁ፤ ሰልፉ ሌላ እናት ደጅ ላይ ሊሄድ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚጠየቀው መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ነው። የፕላን ስምምነት፣ ማለትም የሚሠራው ሕንፃ ከከተማው ፕላን ጋር መስማማቱ የሚታይበት ደረጃ፣ ከግንባታ ፈቃድ ይቀድማል፤ በሩን ማዞር የሚቻለውም ያኔ ነው። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ማን ያዞረዋል? ማዘጋጃ ቤት ሄደው የት እንደደረሰ ይጠይቁ። የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ተሠርቶለት ከሆነም ላየው ይበሉ። በ1995 የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ደንግጓል።

ባዶ እጅዎን ግን አይሂዱ። ያንን «ልማት ትቃወሚያለሽ» ያለዎትን ጎረቤት ይጥሩና በረንዳ ላይ አብራችሁ ቁጠሩ። በሥራ ቀን ጠዋት ከ1፡30 እስከ 2፡30፣ ቅዳሜ ከ9 እስከ 12 ሰዓት። በየ15 ደቂቃው ይጻፉ። ባጃጁን፣ ሚኒባሱን፣ የቤት መኪናውን፣ ሳይክሉን፣ እግረኛውን ለየብቻ። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ሰሞን አይቁጠሩ። ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ «ያ ቀንማ ልዩ ነው» ብለው ይጥሉብዎታል።

ስለ ልጆችዎ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። እነሱን ቀድሞ የሚያገኛቸው ገበያተኛው አይደለም፤ አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልሰው ከባድ መኪና ነው። የዚያ መኪና ሾፌር በቀኙ ተጠግቶ የሚሄድን ሳይክል አያየውም። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ደግሞ የኋላ ጎማው ወደ ውስጥ ይቀርባል። ልጆቹ በቀኙ በኩል እንዳይቀድሙት፣ ከኋላው ራቅ ብለው እንዲቆሙ ዛሬውኑ ይንገሯቸው። ለማዘጋጃ ቤቱ በሚያስገቡት ማመልከቻ ላይም በትምህርት ቤት መግቢያና መውጫ ሰዓት ጭነት እንዳይገባ ብለው ይጻፉ።