የአንገረብ ፕሮጀክቴ ለአውስትራሊያ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። በሲቪል ምህንድስና ተመርቄያለሁ። ሜልቦርን ያለው የአክስቴ ልጅ «መጀመሪያ ሙያሽን ኢንጂነርስ አውስትራሊያ በሚባለው የመሐንዲሶች ማኅበር አስገምግሚ» አለኝ። ፒያሳ ያገኘሁት ደላላ ደግሞ «ዝግጁ ሪፖርት አለኝ፣ ስምሽን አስገብቼ እሰጥሻለሁ» ይላል። የሥራ ልምዴ አጭር ነው። ሌላው በእጄ ያለው ከጓደኞቼ ጋር ስለ አንገረብ ግድብ ደለል የሠራነው የመመረቂያ ፕሮጀክት ነው። አምስት ዓመት መማሬ ብቻውን አይበቃም?
ሰ. ነኝ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ልጄ፣ ከደላላው ልጀምር። እባክሽ ብርሽን አትስጪው። ኢንጂነርስ አውስትራሊያ የሚቀርብለትን ሪፖርት በሶፍትዌር ያመሳክራል። የተገለበጠ ሆኖ ከተገኘ ማመልከቻሽ ውድቅ ይሆናል። ለ12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ልትታገጂም ትችያለሽ። ጉዳዩ ለአገሪቱ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ሊተላለፍም ይችላል። ያኔ ደላላው የለም፤ መዝገብ ላይ የሚቀረው ያንቺ ስም ነው።

አምስቱ ዓመት ዋጋ አለው። «ፕሮፌሽናል ኢንጂነር» ለሚሉት ደረጃ መነሻው የአራት ዓመት ዲግሪ ነውና። ነገር ግን በ1989 እ.ኤ.አ. የተፈረመ የዋሽንግተን ስምምነት የሚባል አለ። የፈራሚዎቹ አገሮች ዕውቅና የሰጧቸው ዲግሪዎች በአጭሩ ያልፋሉ። ኢትዮጵያ አልፈረመችም። ስለዚህ ያንቺ መንገድ ሲዲአር ነው፤ ብቃትሽን በጽሑፍ የምታሳዪበት ሪፖርት።

ዋናው ነገር ሦስት የሥራ ታሪኮች ናቸው። እያንዳንዱ ከ1,000 እስከ 2,500 ቃላት፣ በእንግሊዝኛ፣ በራስሽ አጻጻፍ። አንዱን ከዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት መጻፍ ይፈቀዳል። አንገረብ ይሆናል ማለት ነው፤ ጥያቄሽን ሳነብ በጣም ደስ ያለኝም እዚህ ላይ ነው። የጎንደር ሰው የሚጠጣውን ውሃ የያዘ ግድብ በደለል ሲሞላ ያጠናሽ ልጅ፣ የሰው ሪፖርት ምን ያደርግልሻል?

የቡድን ሥራ መሆኑ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ገምጋሚው የሚፈልገው የጓደኞችሽን ሥራ አይደለም። አንቺ ምኑን ለካሽ? የዝናብ መረጃው ሲጎድል በምን ሞላሽው? ደለሉን በየትኛው ቀመር አሰላሽ፣ ያንን ቀመርስ ለምን መረጥሽ? ስሌቱ ከመስክ ልኬቱ ጋር አልገጥም ሲል ምን አደረግሽ? አማካሪሽ ፊት ቆመሽ እንደምታስረጂው አድርገሽ ጻፊው። አንቀጾቹን ቁጥር ስጫቸው። የሪፖርቱ ማጠቃለያ ላይ የትኛው ብቃት በየትኛው አንቀጽ እንደታየ ማመልከት አለብሽ።

ሁለተኛው ታሪክ ከኢንተርንሺፕሽ፣ ሦስተኛው ከአሁኑ ሥራሽ ሊሆን ይችላል። ለሥራው ግን ደብዳቤ ያስፈልጋል። «መልካም ሠራተኛ ናት» ብሎ የሚያበቃ ደብዳቤ አይረባሽም። የሥራ መደብሽ፣ የጀመርሽበት ቀን፣ ፊርማና የድርጅቱ አርማ ይኑሩበት። አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና በአራቱም ክፍል ቢያንስ 6 ይጠየቃል። የወሰድሻቸውን ሥልጠናዎች ዝርዝር ከአንድ ገጽ አታስበልጪ።

ይህ ሁሉ ቪዛ እንዳልሆነም ለቤተሰብሽ ንገሪ፤ ገና ሳይጀመር ዕቃ መሸጥ የሚጀምሩ አሉ። በነጥብ ለሚሰጠው ቪዛ ቢያንስ 65 ነጥብና ከ45 በታች የሆነ ዕድሜ ያስፈልጋል፤ ነጥቡ ቢሞላም ግብዣ መጠበቅ አለ።

የፕሮጀክቱ ፋይል የማን ላፕቶፕ ላይ ነው? ጓደኞችሽ ሳይበተኑ ተቀበያቸው። የመስክ ማስታወሻውንና ፎቶዎቹንም እንዳትረሺ።