«ላብራቶሪ የለንም፣ በሲሙሌሽን ልግባ ወይ?» ላልሽው እህት

ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። ፊዚክስ ተመርቀሻል፣ ማስተርስ ልትጀምሪ ነው፣ ዲፓርትመንቱ ውስጥ ግን በቅጡ የሚሠራ የላብራቶሪ ዕቃ የለም። በኮምፒውተር የቁሳቁስ ምርምር ብትገቢ ፒኤችዲ ያደርስሽ እንደሆነ፣ ወይስ እሱን ትተሽ ዳታ ሳይንስ ብትማሪ ይሻል እንደሆነ ጠይቀሻል። ከሥር የመለሱልሽ ሰዎች «ሥራ የለውም፣ አትልፊ» ብለው አለፉ። እኔ ሥራው ላይ ነው ያለሁት። ጀርመን ውስጥ የባትሪ ቁሳቁስ የሚያጠና ቡድን ውስጥ እሠራለሁ። የተነሳሁትም አንቺ አሁን ካለሽበት ቦታ ነው፤ ከክልል ዩኒቨርሲቲ፣ መስኮቱ ከተሰበረ የኮምፒውተር ክፍል። ያደርስሻል። ግን እኔ የከፈልኩትን እንዳትከፍዪ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ዲኤፍቲን፣ ማለትም የቁሳቁስን ባሕርይ ከኤሌክትሮኖቹ ተነስቶ የሚያሰላውን ዘዴ፣ በዝርዝር አላብራራም። በሦስተኛ ዓመት ኳንተም መካኒክስን ካለፍሽ ቀሪው በንባብ ይመጣል።

1. ሶፍትዌር አያስጨንቅሽ። ይህን ስሌት ከሚሠሩት ፕሮግራሞች ቫስፕ የሚከፈልበት ፈቃድ ይፈልጋል። ኳንተም ኤስፕሬሶ ነጻ ነው፤ ሥራውም አንደኛ ደረጃ ነው። አንድ ልጅ በፍላሽ የተቀዳ ቫስፕ ቢሰጥሽ አትቀበዪ። ውጤትሽን ስታሳትሚ የተጠቀምሽበትን ፕሮግራም መጻፍ ግድ ነው፣ ያኔ ፈቃዱ ይጠየቃል።

2. ኮምፒውተር። ትንንሽ ክሪስታሎችን በራስሽ ላፕቶፕ መሥራት ትችያለሽ። ኡቡንቱ ጫኚበት። የሚያስቸግረው መብራት ነው። ስሌቱ መሀል ላይ እያለ መብራት ከሄደ አብዛኛውን ጊዜ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ምክንያቱም በሥርዓት አልተዘጋም። ስለዚህ ኢንፑትሽ ላይ ማክስ ሴከንድስ የሚለውን ሙዪው። ሦስት ሰዓት ብትዪው፣ ሦስት ሰዓት ሲሞላ ያለበትን አስቀምጦ ራሱ ያቆማል። ከዚያ ሪስታርት ብለሽ ትቀጥያለሽ። እኔ ይህን ሳላውቅ 19 ሰዓት የሄደ ስሌት በአንድ ሌሊት ጠፍቶብኛል። ትልልቁን ሥራ ደግሞ ውጭ ባለ ክላስተር (አብረው በሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች) ነው የምትሠሪው። ኬፕ ታውን ያለው የደቡብ አፍሪካ ከፍተኛ የስሌት ማዕከል ለብዙ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች በር ከፍቷል። እዚያ አካውንት ያለው መምህር ፈልጊና ተጠጊ።

3. አሁን ዋናው። ይህን ይዘሽ ሌላውን ብትረሺው ቅር አይለኝም። ያልፈተሽሽውን ቁጥር አትመኚ።

የማስተርስ ሥራዬ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ላይ ነበር። አንድ የኦክስጅን አተም ከክሪስታሉ ሲወጣ ክፍተት ይተዋል። ከየትኛው ቦታ ቢወጣ ነው የሚፈጀው ኢነርጂ የሚያንሰው? ጥያቄዬ ይኸው ነበር።

ኢንፑት ፋይሉን የወሰድኩት ከእኔ በፊት ከተመረቀ ልጅ ነው። እሱም ከሌላ ወስዶታል። ፋይሉ ላይ የሞገድ ፋንክሽኑ ከትኦፍ (ስሌቱ ምን ያህል በዝርዝር እንደሚሄድ የሚወስነው ገደብ) 40 ሪድበርግ (የኢነርጂ መለኪያ ነው) ተብሎ ተጽፏል። የቻርጅ ዴንሲቲው (የኤሌክትሮኖቹ ስርጭት) ከትኦፍ፣ ኢከት ሮ የሚባለው መስመር ግን ጭራሽ የለም። ካልጻፍሽው ፕሮግራሙ በራሱ የመጀመሪያውን 4 እጥፍ ይወስዳል። 160 ማለት ነው። ሱዶፖቴንሻል የአተሙን እምብርትና የውስጥ ኤሌክትሮኖቹን የሚተካ ፋይል ነው፤ ኖርም ኮንሰርቪንግ ለሚባለው ዓይነት ይህ ይበቃል። የእኔ ግን አልትራሶፍት ነበር። አልትራሶፍት ከ8 እስከ 12 እጥፍ ይፈልጋል፤ ከ320 እስከ 480። ፕሮግራሙ ተሳስተሻል አይልሽም። ሠርቶ ሠርቶ መጨረሻ ላይ «ጆብ ደን» ብሎ ይጽፋል። ቁጥሩም ቁጥር ይመስላል።

አራት ወር እንዲህ ሠራሁ። ሠንጠረዡ ሞልቷል፣ ግራፉ ተስሏል፣ የዲፌንስ ቀን ሊቆረጥልኝ ነው። በዚያው ሰሞን አሴስማ አዲስ አበባ መጣ። አሴስማ ማለት በዚህ ዘርፍ ለአፍሪካ ተማሪዎች የሚዘጋጅ የሁለት ሳምንት ሥልጠና ነው። በ2010 ኬፕ ታውን ላይ ተጀምሮ አገር እየቀያየረ ይካሄዳል፣ በ2018 ተራው የእኛ ነበር (ሁለቱም በፈረንጆቹ)። አመልክቼ ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት አንድ አሠልጣኝ አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ኢንፑትህን አሳየኝ» አለኝ። ከላይ ጀምሮ ስክሪኑን በጣቱ እየነካ አነበበው። ጣቱ 40 የሚለው ላይ ቆመ። «ቀጣዩ መስመር የታለ?» «የትኛው?» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። የቲታኒየሙን ሱዶፖቴንሻል ፋይል በጽሑፍ ማንበቢያ ከፈተው። ገና ከአናቱ፣ ለሞገድ ፋንክሽኑ ይህን ያህል፣ ለቻርጅ ዴንሲቲው ይህን ያህል ከትኦፍ ይመከራል ተብሎ ተጽፏል። አራት ወር እጄ ላይ የነበረ ፋይል ነው። አንድ ቀን ከፍቼ አላየሁትም። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ሲወርድ ተሰማኝ።

ያን ማታ ሁለቱን ዋና ስሌቶች ኢከት ሮን 400 አድርጌ ደገምኳቸው። በማግሥቱ ሳያቸው ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ይቀላል ብዬ የጻፍኩት ቦታ ሁለተኛ ሆኗል። የቴሲሱ ድምዳሜ ስህተት ነበር ማለት ነው።

አድቫይዘሬ ቢሮ ሄጄ ነገርኳቸው። «ማንም አያየውም፣ ዲፌንድ አድርግና ውጣ» አሉኝ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። አንድ መምህር ተማሪውን ውሸት መሆኑን ያወቀውን ነገር ይዘህ ቁም ይለዋል? እምቢ አልኩ። ሁሉንም ከስር ደገምኩ። አንድ ሴሚስተር ተጨመረብኝ። እናቴ ስትደውል «ጓደኞችህ ተመረቁ አይደል እንዴ?» ትለኛለች፣ የምመልሰው አጣለሁ። የቤት ኪራዩን የከፈልኩት ማታ ማታ ማትሪክ ተፈታኞችን እያስጠናሁ ነው። ግን ጨረስኩት። ደግሜም የምኮራበት ሥራ እሱ ነው።

አፈታተሹን ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። የክሪስታሉን ጠቅላላ ኢነርጂ ብቻ አይተሽ «ተረጋግቷል» አትበዪ። መፈተሽ ያለበት ጽሑፍሽ ላይ የምታሰፍሪው ቁጥር ነው። የኢነርጂ ልዩነት ከሆነ ልዩነቱን፣ የባንድ ጋፕ (ኤሌክትሮን ሊዘለው የሚገባው የኢነርጂ ክፍተት) ከሆነ ጋፑን። ከትኦፉን ደረጃ በደረጃ ጨምሪ፣ ከዚያ ኬ-ፖይንቱን (ስሌቱ ናሙና የሚወስድባቸውን ነጥቦች) ጨምሪ፣ ቁጥሩ መነቃነቅ ሲያቆም በግራፍ አስቀምጪው። መለኪያውንም እዪ። ቫስፕ በኤሌክትሮን ቮልት ነው፣ ኤስፕሬሶ በሪድበርግ። አንድ ሪድበርግ 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ሰው ከቫስፕ ጽሑፍ ላይ ስሚሪንግ (የኤሌክትሮኖቹን አሞላል ማለስለሻ ስፋት) 0.2 የሚለውን እንዳለ ገልብጦ ኤስፕሬሶ ውስጥ ሲያስገባው አይቻለሁ። ወደ 2.7 ኤሌክትሮን ቮልት አደረገው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ከመሣሪያው ራሱ የሚመጣ ስህተትም አለ፣ ከዚህኛው ጋር አታምታቺው። የሲሊከን ባንድ ጋፕ በልኬት 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። ፒቢኢ በሚባለው ፋንክሽናል (ዲኤፍቲ ውስጥ የኤሌክትሮኖቹን መስተጋብር በሚገምተው ቀመር) ብታሰዪው 0.6 ገደማ ይሰጥሻል። ይህ ከትኦፍ በመጨመር አይስተካከልም። የትኛው ስህተት የአንቺ፣ የትኛው የቲዎሪው እንደሆነ ለይተሽ መናገር ስትችዪ ነው ባለሙያ የምትሆኚው።

ለፒኤችዲ ቃለ መጠይቅ ስቀርብ የፕሮፌሰሩ የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ቁጥር ኮንቨርጅ ማድረጉን (መነቃነቅ ማቆሙን) በምን አወቅክ?» የሚል ነበር። ግራፉን አወጣሁ። የመጀመሪያው ውጤቴ ስህተት እንደነበርና እንደደገምኩት ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ቀሪው ሰዓት ሁሉ በዚያ ላይ አለቀ። ነጥቤ ከአንደኞቹ ተርታ አልነበረም። የተቀበሉኝ በዚያ ግራፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

4. ኦፊሻል ትራንስክሪፕትሽን ዛሬውኑ ጠይቂ። ነገ አትበዪ። እኔ ከማስተርስ በኋላ አውሮፓ ላለ አንድ ዩኒቨርሲቲ አመልክቼ ነበር። ትራንስክሪፕቱ ታሽጎ በቀጥታ ከተማርኩበት ግቢ እንዲላክ ፈለጉ። ስድስት ሳምንት ነበረኝ። መጀመሪያ ሬጅስትራር ስሄድ የኮስት ሼሪንግ ክሊራንስ አምጣ ተባልኩ። አመጣሁ። ከዚያ «ፋይልህ አልተገኘም» አሉኝ። ከዚያ የሚፈርሙት ሰውዬ ስብሰባ ላይ ናቸው። ከዚያ ማኅተሙን የያዘችው ልጅ ፈቃድ ላይ ናት። አራት መቶ ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በአምስተኛው ቀን መስኮቱ ሥር ቆሜ ስለምን፣ ከውስጥ ያለችው ሴት ስልኳን ሳትለቅ «ነገ ና አልኩህ እኮ!» አለችኝ። ነገ የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ነበር። አለፈ። አንድ ዓመት የበላብኝ ፊዚክስ አይደለም፣ ያ መስኮት ነው። ስለዚህ ሦስት ኮፒ አሳሽገሽ ያዢ። የክፍያ ደረሰኞችሽን ሁሉ ፎቶ አንሺ። ከግቢ ሳትወጪ ጨርሺው።

የቀረውን ዓመት አልተኛሁበትም። ጣሊያን ትሪየስቴ ወዳለው አይሲቲፒ አመለከትኩ። በፈረንጆቹ 1964 አብዱስ ሳላም ያቋቋሙት የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል ነው። ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ አለው፣ የኑሮ ወጪውን እነሱ ይሸፍናሉ። ኮንደንስድ ማተር (የጠጣርና የፈሳሽ ነገሮች ፊዚክስ) የሚለውን ክፍል ምረጪ። ከባድ ነው፣ በየሳምንቱ ፈተና ያለ ይመስላል። ግን ከዚያ ስትወጪ የሚጻፍልሽ የድጋፍ ደብዳቤ ሚዛን አለው። ኪጋሊ ላይም የአይሲቲፒ አጋር ተቋም አለ፣ እሱንም ሞክሪ። ጀርመን ውስጥ ደግሞ በዚህ ዘርፍ የፒኤችዲ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ውል ደመወዝ እየተከፈለው ነው የሚማረው። ስለዚህ ስኮላርሺፕ ብቻ አትፈልጊ፣ የሥራ ማስታወቂያዎቹንም እዪ።

ዳታ ሳይንስን በተመለከተ፣ ሁለቱ አይጣሉም። ፓይተን ዛሬውኑ ጀምሪ። አሁን እኛ ቡድን ውስጥ ግማሹ ሥራ በማሽን ለርኒንግ የሚሠራ ፖቴንሻል (በአተሞች መካከል ያለውን ኃይል የሚገምት ሞዴል) ነው። ሺዎች አተሞችን ለረጅም ጊዜ ለማንቀሳቀስ ዲኤፍቲ በጣም ይከብደዋል፣ ስለዚህ ከዲኤፍቲ የተማረ ሞዴል ይተካዋል። ሞዴሉ የሚማረው ግን አንቺ ከሰጠሽው ቁጥር ነው። ኢከት ሮ የሌለበት ስሌት ብትሰጪው ስህተቱን አጥንቶ ይመልስልሻል።

ሥራ የለውም ላሉሽ ሰዎች፣ አገር ቤት በዚህ ስም የሚቀጥር ድርጅት ብዙም እንደሌለ እኔም አውቃለሁ። ዩኒቨርሲቲ ነው፣ እዚያም የማስተማሩ ጫና ምርምሩን ይውጠዋል። ውጭ ግን ባትሪ፣ ሴሚኮንዳክተርና ካታሊስት (የኬሚካል ለውጥ ማፋጠኛ) የሚሠሩ ድርጅቶች ይፈልጉሻል። አካዳሚው ላይ ልቆይ ካልሽ ውሉ ጊዜያዊ መሆኑን ከአሁኑ እወቂ። ጀርመን ውስጥ ከዶክትሬት በኋላ በእንዲህ ያለ ውል መቆየት የሚቻለው በአጠቃላይ እስከ 6 ዓመት ነው። እኔም በዚሁ ውል ላይ ነኝ፣ እያሰብኩበት ነው።

የጀመርሽው ስሌት ካለ ኢንፑቱን ከነ አውትፑቱ እዚሁ ለጥፊው። የሱዶፖቴንሻሉን ስምም ጻፊ። ጊዜ የማገኘው ቅዳሜ ማታ ነው፣ መስመር በመስመር አይልሻለሁ።