በየዓመቱ የሚላጥ በር

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምንኖረው በጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ ከአባታችን በወረስነው የጣሊያን ጊዜ ቤት ውስጥ ነው። ዓምና ለጥምቀት እንግዶች ስለሚመጡብን፣ የሳሎኑንና የመኝታ ቤቱን የእንጨት በሮች ግድግዳው በተቀባበት ነጭ ፕላስቲክ ቀለም አብረን አስቀባናቸው። ክረምቱ ሳይገባ ቀለሙ በእጀታው ዙሪያና በታች በኩል ተላጠና ከሥሩ የነበረው አረንጓዴ ቀለም መታየት ጀመረ። የመኝታ ቤቱ በር ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር አልዘጋ እያለ ያስቸግረናል። ቀለም ቀቢው «ቀለሙ ርካሽ ስለነበር ነው፤ ውድ ቀለም ግዙና ልድገመው» ይለናል። ምን ትመክሩናላችሁ?
ከጎንደር

መልስ፦ ቀለም ቀቢዎ አይከፋቸው እንጂ፣ ጥፋቱ የቀለሙ ዋጋ አይመስለንም። የጠቀሱት አረንጓዴ ቀለም የዘይት ቀለም ሳይሆን አይቀርም። የዘይት ቀለም ሲደርቅ ፊቱ ጠጣርና ልሙጥ ይሆናል፤ ፕላስቲክ ቀለም ደግሞ ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ስስ ሽፋን ሆኖ የሚቀር ስለሆነ፣ የሚይዘው ሻካራ ፊት ካላገኘ ከላይ ይቀመጣል እንጂ አይጣበቅም። በእጀታው ዙሪያ ቀድሞ መላጡም አያስገርምም፤ የዓመታት የእጅ ቅባት የተከማቸው እዚያ ነውና። በታች በኩል ደግሞ ወለሉ በተወለወለ ቁጥር ውሃ ይነካዋል። በዚህ ላይ የቱንም ያህል ውድ ቀለም ቢደረብ፣ የሚለቀው ከሥር ያለው ስለሆነ አዲሱም አብሮ ይነሣል።

ግምታችንን ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ነጩ በተላጠበት ቦታ አረንጓዴውን ቀለም አልኮል በነካ ጥጥ ለጥቂት ጊዜ አጥብቀው ይሹት። ቀለሙ ለስልሶ ወደ ጥጡ ከመጣ ፕላስቲክ ነው፤ ጥጡ ንጹሕ ሆኖ ከቀረ ግን የዘይት ቀለም ነው።

ብርጭቆ ወረቀት ከማንሣትዎ በፊት ግን አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ጣሊያን ጎንደርን ይዞ በቆየበት ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ለእንጨት በሚውሉ የዘይት ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት መጨመር የተለመደ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ በሚሊዮን ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ሆኖም ደንቡ ከ80 ዓመት በፊት የተቀባ በር ላይ ምን ሊያደርግ ይችላል? ስለዚህ አሮጌውን ሽፋን በደረቁ አይፈግፍጉ፣ በእሳትም አያቃጥሉ። አቧራውና ጭሱ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ለነፍሰ ጡሮችም አደገኛ ነው። ውሃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀት ገዝተው እያራሱ ይሹ፤ ከሥር ላስቲክ ያንጥፉ፤ ሥራው ሲያልቅ ወለሉን በመጥረጊያ ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ። ደኅና የማጣሪያ ጭምብል ያድርጉ፤ ልጆች ካሉም እስኪጨርሱ ድረስ ወደ ክፍሉ አይግቡ።

ደግነቱ፣ በሩን እስከ እንጨቱ ድረስ መግፈፍ አያስፈልግም። አጥብቆ የያዘው አረንጓዴ ቀለም ይቆይ፤ የሚነሣው የላላው ነጭ ብቻ ነው። መጀመሪያ በሩን ሙቅ ውሃና የልብስ ሳሙና ዱቄት ባለበት ጨርቅ አጥበው፣ በንጹሕ ውሃ አጥርተው ያድርቁት። ብዙዎች ይህን ዘለው ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ ቅባቱ በሩ ላይ ይዳረሳል እንጂ አይለቅም። ከዚያ በስፓቱላ የላላውን ያንሡ፤ በቁጥር 120 ብርጭቆ ወረቀት ጠርዞቹን አስተካክለው፣ በቁጥር 180 ወይም 220 የበሩ ልሙጥነት እስኪጠፋ ድረስ ይሹት። የተቦረቦረውን በስቱኮ ይሙሉ። ቀጥሎ ለእንጨት የሚሆን የዘይት ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባውን ቅብ፣ አንድ ጊዜ ይቀቡና፣ በላዩ ሁለት ስስ ሽፋን ሲንተቲክ የሚባለውን የዘይት ቀለም ያድርጉ። አንድ ወፍራም ቅብ ይወርዳል፣ ይጨማደዳልም። በሩ ባለ ገበታ ከሆነ ጎድጓዳ ገበታዎቹን፣ ከዚያ አግዳሚዎቹን፣ በመጨረሻ ቋሚዎቹን ይቅቡ። በሁለቱ ሽፋኖች መካከል አንድ ቀን ሙሉ ይጠብቁ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ጎንደር ላይ ስለሚቀዘቅዝ ቀለሙ ጣሳው ላይ ከተጻፈው ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል ቢጀምሩ ይመረጣል። ለጥምቀት እንዲደርስም ሥራውን እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ይጨርሱት፤ ቀለሙ ሲነኩት ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለምና፣ በሩ ቶሎ ከተዘጋ ከመቃኑ ጋር ይጣበቃል።

አልዘጋ የሚለውን በር በተመለከተ፣ በነሐሴ አናጺ ጠርተው እንዳያስልጉት። እንጨት በክረምት እርጥበት ስቦ ያብጣል፤ በበጋ ይሰበሰባል። በነሐሴ በልኩ የተላገ በር በጥር ክፍተቱ ሰፍቶ ይገኛል። አስቀድመው የላይኛው ማጠፊያ ብሎን ላልቶ በሩ አዘንብሎ እንዳይሆን ይፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ብቻ ነው። ብሎኑ ደኅና ከሆነ፣ ቀለሙ ተፈግፍጎ ምልክት ያለበትን ቦታ ብቻ አሁን በበጋው ትንሽ ያስልጉት።

በሩን ከማጠፊያው አውርደው ሳለ የላይና የታች ጠርዙንም ይመልከቱ። ስለማይታዩ ቀለም ቀቢዎች ሳይቀቡ ይተዋቸዋል፤ የእንጨቱ ጫፍ ግን ከየትኛውም ጎን ይልቅ እርጥበት የሚስበው በዚያ ነው። የእርስዎ በር ከታች የሚላጠውም በክረምት የሚያብጠውም በከፊል በዚሁ ሳይሆን አይቀርምና፣ በሩ ተመልሶ ከመሰቀሉ በፊት ሁለቱ ጠርዞች ፕራይመሩንም ቀለሙንም ማግኘታቸውን ቆመው ያረጋግጡ።