መልስ፦ ላከሩ ሲደርቅ ለምን ነጣ?
ወንድሜ፣ ፒያሳ ወርክሾፕህ ውስጥ ሐምሌ ላይ ላከር (እንጨት የሚቀባ ማብረቅረቂያ) የነፋህበት ጠረጴዛ ነጥቶ ጉም የለበሰ የመሰለው በእርጥበት ነው። ቲነሩ ቶሎ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ የአየሩ እርጥበት እንደ ጤዛ ያርፍና ላከሩ ውስጥ ይታሰራል።

ለመፋቅ አትቸኩል። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ሲወጣ፣ የላከር ቲነር ላይ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሪታርደር (ትነቱን የሚያዘገይ ፈሳሽ) ጨምረህ በስሱ ንፋበት፤ ገጹ ረጠብ ብሎ እስኪያብረቀርቅ ብቻ፣ እንዳይፈስ። ላከሩ ይለሰልስና እርጥበቱ ይወጣል፤ ጉሙ ዓይንህ እያየ ይገፈፋል። ሪታርደሩን ካበዛኸው ግን ቶሎ አይጠነክርም፣ አቧራም ይሰበስባል። ይህ ማጠንከሪያ ለማይቀላቀልበት ለናይትሮ ላከር ነው፤ ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ከሆነ ቲነር አይፈታውም፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ መድገም ነው።

ኮምፕሬሰሩ (አየር የሚጨምቀው ማሽን) ውስጥ የሚጠራቀመውንም ውሃ ጠዋት ጠዋት አፍስስ (ብዙ ሰው ይረሳዋል)። ስትነፋ መስኮት ክፈት፣ እሳት አጠገቡ ዝር እንዳይል።