ሸረሪቷን ተያት፣ አንቺ ካርድ አውጪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። አዲስ የተከራየሽው ቤት ኮርኒሱ በሸረሪት ድር ተሞልቷል። ትናንት ደግሞ ጎንሽ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጣ። «ሸረሪት ሸንታብሽ ነው» አሉሽ። አንቺም «ምን ልርጭ?» አልሽ። ከስር ይሄ ሁሉ ሰው የመርጫ ስም ደርድሮልሻል። እኔ በዚሁ መንገድ ሄጄ ሰባት ወር የተቃጠልኩ ሰው ነኝና ትንሽ ታገሺኝ።

1. ምንም አትርጪ። ቢያንስ ዛሬ።

የእኔ ቤት ጭቃ ቤት ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ጨርቅ። ሐምሌ ሲገባ ሸረሪት ይበዛል። ያኔም በዝቶ ሳለ ነው ከጡቴ ስር እስከ ጀርባዬ ማቃጠል የጀመረኝ። መጀመሪያ ህመሙ መጣ፣ ቁስሉ የወጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ይህችን ልብ በይ። ጎረቤቶቼ ገልጠው አዩና «አልማዝ ባለጭራ!» አሉ በአንድ አፍ፤ ሸረሪት ስትሸና ይወጣል የሚሉት ቁስል ማለት ነው። አንዷ ቅጠል ጨምቃ ቀባችኝ። ሌላዋ «ጭራው ዞሮ ከራሱ ከተገናኘ አለቀልሽ» ብላኝ ቡናዋን ጠጥታ ሄደች።

እኔም ንዴቴን በሸረሪት ላይ ተወጣሁ። ጀርባው ላይ መርጫ ያዘለ ልጅ አስጠራሁ። 1,800 ብር። መድኃኒቱን ያመጣው በሃይላንድ ነው፤ ስም የለው፣ ወረቀት የለው። «ምንድነው እሱ?» ብለው «ፍቱን ነው እናቴ» አለኝ። እኔ፣ ሎሚ እንኳ አገላብጬ የምገዛው ሴትዮ፣ በዚህች መልስ ዝም አልኩ። አልጋው ስር ረጨ፣ ኮርኒሱን ረጨ፣ እንጀራ ያለበት መሶብ ሳይቀር ደረሰው። ማታ ልጄ ሲያስመልሳት አደረ። ጎረቤት ቤት ተጠግተን አደርን፣ እንጀራውም ተደፋ። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ለእርሻ የተሠራ ነው፣ ሰው ለሚተኛበት ክፍል አይደለም። በኋላ ላይ ልከስ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። «የሸረሪት ጉዳይ እኛን አይመለከትም፣ ግብርና ጠይቂ» አሉኝ። ጉዳዬ ሸረሪቱ ሳይሆን ረጪው ነው ብል ማን ይስማኝ!

ግን ብሩም እንጀራውም አይደለም የሚቆጨኝ። ቀኑ ነው። አንዱን ቀን ብር ስፈልግ፣ አንዱን ሳስረጭ፣ ሁለቱን ብርድ ልብስ ሳጥብና ቤት ሳናፍስ አለፈ። በአምስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ቀና ሳትል «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። «ሸረሪት» አልኳት። «ለሸረሪት ካርድ አይወጣም፣ ቀጣይ!» ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀብኝ። አፍሬ ተመለስኩ። ሌላ ቀን ሄደ ማለት ነው። በነጋታው ግን ነጠላዬን ለብሼ ከጥበቃው ቀድሜ በር ላይ ቆምኩ። «ጎኔን አሞኛል» አልኩ። ካርዱ ወጣ። አንቺም እዚያ ስትደርሺ የሸረሪትን ስም አታንሺ።

ሐኪሙ ገና ልጅ ነው። ልብሴን ገለጥ አድርጎ እንዳየ «እማማ፣ ይሄ ሸረሪት አይደለም» አለኝ። አልማዝ ባለጭራ የሚመጣው ከቫይረስ ነው። በልጅነታችን ጉድፍ የሚያወጣብን ቫይረስ ከዳንን በኋላም ከሰውነታችን አይለቅም፤ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም ሰውነት ሲደክም ይነሳና በዚያው ነርቭ መስመር ይወጣል። ለዚህ ነው በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት ተዘርግቶ መሀል ላይ ቀጥ የሚለው። ሸረሪት የጀርባ አጥንትሽን ድንበር ታውቃለች እንዴ? አሲክሎቪር የሚባል መድኃኒት አለው። በደንብ የሚሠራው ግን ቁስሉ በወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ከተጀመረ ነው። እኔ ስድስተኛ ቀኔ ነበር። ቁስሉ ደረቀ፣ ህመሙ ግን ሰባት ወር ቆየ። የውስጥ ልብስ ሲነካኝ እሳት ነው፤ ፎጣ ደግፌ ነበር የምተኛው።

የኤች አይ ቪ ምርመራ ካሉሽ አትደንግጪ። እንዲህ ያለ ቁስል ይዞ ለመጣ ሰው የተለመደ ነው። እኔን መርምረውኛል፣ ነፃ ነኝ። ሰፈር ውስጥ ግን ከውጤቱ ይልቅ ወሬው ነው የቀደመኝ፤ ማን እንዳወራው አውቃለሁ፣ ይቅር። ቁስሉ ግንባርሽ ላይ ወይም ዓይንሽ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ነገ አትበዪ። ውሃው እስኪደርቅም ሸፍነሽ ያዢው፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን እንዳይነካው።

2. ሸረሪት በሽንቷ ሰው አታቆስልም። ግድግዳ ላይ የምታዪው ነጭ ነጠብጣብ የእሷ ኩስ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል። የምታቃጥለው ሌላ ነች። ጉንዳን የምትመስል፣ ቀይና ጥቁር የሆነች ቀጭን ጥንዚዛ አለች። በዝናብ ወቅት ማታ ወደ መብራት ትመጣለች። አትነክስም። አንገትሽ ላይ ስትሄድ በእጅሽ ስትጨፈልቂያት ነው ፈሳሿ ቆዳሽን የሚልጠው፤ ቁስሉም በማግስቱ ይወጣል። እፍ በያት እንጂ አትምቻት። ከጨፈለቅሻት ቶሎ በሳሙና ታጠቢ። የአንቺ ግን እንደ እኔው ይመስለኛል።

3. ሸረሪቱን ካስጨረስኩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ምን ሆነ መሰለሽ? ዝንብ! ትንኝ! በረሮው ደግሞ በርበሬ ዕቃዬ ውስጥ ገባ። የበረሮ እንቁላል በከረጢት የታሸገ ነው፤ እናትየዋ ብትሞትም መርጫው እሱን ብዙም አይነካውም። ጎረቤቴ ሐጂያ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። «ነቢዩን ዋሻ ውስጥ ሳሉ በድሯ የጋረደች ናት፣ ምን አደረገችሽ?» ሲሉኝ የሃይማኖት ነገር መስሎኝ አለፍኩት። እሳቸው ቤት በረሮ የለም።

አሁን ረጅም ዱላ ላይ መጥረጊያ አስሬ ከአልጋዬና ከምድጃዬ በላይ ያለውን ድር ብቻ ቅዳሜ ቅዳሜ አነሳለሁ። መስኮቱ ጥግ ያለችውን አልነካትም። ረጅም እግሯን ዘርግታ ተዘቅዝቃ ትውላለች። ትናንት ትንኝ ይዛ በኋላ እግሯ ድሩን ስትጠቀልልባት ሽሮዬ እስኪገነፍል ቆሜ አየኋት። አልጋ ላይ የወረደች ካለች ብርጭቆ ደፍቼ፣ ከስር ወረቀት አስገብቼ ውጭ አወጣታለሁ። ልጄ ትስቅብኛለች። የኮርኒሱን ቀዳዳ በጨርቅ ደፍኛለሁ። የበር መብራትም ማታ አጠፋለሁ፤ ነፍሳቱ ካልመጣ ሸረሪቷም አትከተልም። ቆላ ያላችሁ ግን እኔን አትስሙ። እዚያ ጊንጥ አለ፣ ጫማችሁን ሳታራግፉ እግራችሁን አታስገቡ።

4 ላይ ስለ ትኋን ልጽፍ ነበር፣ ሌላ ቀን። አሁን ይህን ብቻ መልሺልኝ፦ የወጣብሽ በአንድ ጎን ነው በሁለቱም? ከመውጣቱ በፊት አቃጥሎሻል? ትናንት ከሆነ የወጣው ዛሬ ሁለተኛ ቀንሽ ነው። ካርድ ክፍሉ ከመዘጋቱ በፊት ተነሺ።