ጅቡቲ መስመር ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

አዳማ ላይ አይሱዙ ትነዳለህ፤ አሁን ተሳቢ ይዘህ ጅቡቲ እንድትመላለስ ተጠይቀሃል። ገቢው እጥፍ ነው፤ እናትህ ግን «ልጄን በረሃ ሊበላብኝ ነው» ብለው እንቢ አሉ። ምን ላድርግ ነው ጥያቄህ።

ሥራው እንደሆነ አይጠፋም፤ የአገራችን የገቢና የወጪ ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በዚያው ወደብ ነው። አንተ ግን ገንዘቡን ከመቁጠርህ በፊት ክፍያው በወር ይሁን በምልልስ ጠይቅ። በምልልስ ከሆነ፣ ወደብ ላይ ጭነት ስትጠብቅ የከረምክባቸው ቀናት ከራስህ ኪስ ነው የሚወጡት። እነሱን ለማካካስ ሌሊት ትነዳለህ። ብዙ ሹፌር ጫት የሚለምደው እዚህ ላይ ነው፤ ለመንቃት ጫት፣ ለመተኛት ደግሞ ምርቃናውን የሚሰብር መጠጥ፣ ጨብሲ የሚሉት። በማግስቱ እንዲህ ያደረ ሰው ነው ገዋኔ ሜዳ ላይ መሪ የሚይዘው።

ሙቀቱን አትናቀው። ሰመራና ድንበሩ ላይ ያለው ጋላፊ በግንቦትና በሰኔ ከ40 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ መኪናው ሥር ካርቶን አንጥፎ መተኛትም የተለመደ ነው። አንድ የመስመሩ ሹፌር ቢሮዬ መጥቶ ከቦርሳው የታጠፈ ሶፍት አውጥቶ ፈታልኝ፤ ውስጡ ከምስር ክክ የማይበልጥ ቡናማ ጠጠር አለ። ከኩላሊቱ የወጣ ነው። ላለመቆም ሲል ከሚሌ እስከ ጋላፊ አንድ ሃይላንድ ውሃ እንኳ አይጨርስም ነበር። «ያተረፍኳት ሰዓት ይቺ ናት» አለኝ፤ እየሳቀ ነው ደግሞ።

ወባውን በአጎበር፣ ኤች አይ ቪን በኮንዶምና በምርመራ ትጠነቀቃለህ፤ ይህን አንተም ታውቀዋለህ። በእግራቸው ወደ ጅቡቲ የሚሄዱ ልጆች «ጫነን» ሲሉህ ግን፣ ሆድህ ቢባባም ውሃ ስጣቸው እንጂ አትጫን፤ ድንበር አሻጋሪ ተብለህ ትከሰሳለህ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይወስነዋል፤ ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። ሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ደግሞ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። በቃል ብቻ የሚቀጥርህ ካለ ይቅርብህ።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ከማውቀው ሹፌር ጋር ጋቢና ገብቼ አንድ ዙር ደርሼ እመለሳለሁ። ከዚያ በኋላም ልግባበት ካልክ፣ ከመፈረምህ በፊት ውሉን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ የአበሉንና የትርፍ ሰዓቱን አንቀጽ አብረን እናየዋለን።